በእኔ ማሽን ላይ

ዓርብ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ የሥራው ቀን ሲያልቅ፣
ዊኒፔግ ከመስኮት ውጭ በብርድ ስትደርቅ፣
እኛ ቅጣት ቆጣሪዎች፣ የመኪና ማቆሚያ
(የረሳኸውን አስታዋሽ፣ ከነወለዱ ማስከፈያ)
ኮምፒውተሩን ሳንዘጋ ወንበር አዟዙረን
ለአርባ ስምንት ሰዓት ጌም ልንሠራ ቀረን።

የውድድሩ ርእስ መጣ፤ አንድ ቃል ብቻ፦ ሸክም።
«ኢሜይሌን አይተውት ይሆን?» አለ ጃስኪራት። አልመለስንለትም።
ማርሴል ነጭ ሰሌዳው ላይ አንዲት መኪና ሣለ፣
አፍንጫዋ አካፋ። «በረዶ ትጥረግ» አለ።
ሌሊት ነው፤ ፖርቴጅ ጎዳና፤ በረዶ ይወርዳል፤
ትጠርጋለህ፤ ከኋላህ ደግሞ ይከመራል።
ለዚህ ከተማ ሰው ይህ፣ ለቀባሪው ማርዳት፤
ሌላ ሐሳብ ግን አልመጣም። ቀረን አርባ ሰባት።

ማሪቪክ ቀለሟን ይዛ፣ በስምንት በስምንት ነጥብ
ትንንሽ መብራት፣ ትንንሽ ዛፍ ስታንጠባጥብ፣
የአውቶቡስ ፌርማታው ባዶ እንዳይሆን አንድ ሰው አቆመች፤
ኮቱ ቀይ፣ ፊት የለው። «ማስጌጫ ነው» አለች።
ጃስኪራት ደጅ ወጥቶ የአካፋ ድምፅ በስልኩ ቀድቶ
ተመለሰ፣ ጣቱ ደንዝዞ፣ ጢሙ ላይ ብርዱ ነጥቶ።
እኔ የመሬቱን ሕግ ጻፍኩ፦ ጎማ እንዲይዝ፣ በረዶ እንዲከብድ።
የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ቅዳሜ ረፋድ፣ ከመንገድ
መሐል መኪናችን መሬቱን ሰንጥቃ ወረደች፤
መብራቷን እንዳበራች፣ ወደ ምንም፣ ወደ ታች።
«በእኔ ማሽን ላይ ይሠራል» አለ ማርሴል። ጸሎቱ ነው፤
ጥፋት በመጣ ቁጥር አይኑን ጨፍኖ የሚደግመው።

ማታ ግሌንዳ መጣች፣ የረሳችውን ጓንት ፍለጋ።
ከይግባኝ ክፍል ናት። ሃያ ስድስት ዓመት
የሰው ቁጣ በስልክ ስትሰማ ኖራለች።
ጌም ነክታ አታውቅም። «ሞክሪው» አልናት።

በሁለት ጣት ነዳች። መንገዱን አልጠረገችም።
የሚቆጠረውን ነጥብ ዞር ብላም አላየችም።
ሄዳ ሄዳ ፌርማታው ጋ ቆመች።
ጠበቀች።
«በሩን የምከፍተው በየትኛው ነው?»
ዝም።
«ይሄ ሰውዬ እኮ ይበርደዋል።»

ማስጌጫ ነው ልንላት አፋችን ተከፍቶ ቀረ።
ማርሴል ወደ ሰሌዳው ዞረ። ቃሉ ከዓርብ ጀምሮ እዚያው ነበረ።

ከዚያ ነጥቡን አጠፋን፤ ሰዓቱን፣ አሸናፊውን አጠፋን፤
አንድ ቁልፍ ጨመርን፣ በር መክፈቻ። እስኪነጋ ለፋን።
ቀዩ ኮት ሲሳፈር መኪናዋ ትንሽ ዝቅ ትላለች፤
ያቺን ዝቅታ የጻፍኳት እኔ ነኝ። ሦስት መስመር ናት።
ደመወዝ ከበላሁበት ኮድ ሁሉ ትበልጥብኛለች።

እሑድ፣ በሩ ሊዘጋ አራት ደቂቃ ሲቀር ላክነው፣
አንድ ሐሙስ በቀረው በማርሴል ላፕቶፕ።
ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፦
ሙዚቃው የለም። አካፋው ብቻ ይፋቃል፣ ይፋቃል።
«እንዲያውም ይሻላል» አለ ጃስኪራት።
ሙዚቃውን የሠራው እሱ ነበር።

ከሦስት መቶ አራት ጌም ሁለት መቶ ዐሥራ ዘጠነኛ ወጣን።
አንዱ ዳኛ «ቀርፋፋ» አለን። እውነቱን ነው።

ሰኞ፣ ሰሌዳ ቁጥር። ቅጣት። ሰሌዳ ቁጥር።
ግሌንዳ በጠረጴዛዬ በኩል ስታልፍ ቆም አለች፦
«ሰውዬው ቤቱ ደረሰ?»

ቤት አልሠራንለትም።
ካርታው መንገድ ብቻ ነበር፤ ጫፉ ሲደረስ
ወደ መጀመሪያው የሚመልስ።
«ደርሷል» አልኳት።

ማታ ፋይሉን ከፈትኩት። ውድድሩ ተዘግቷል፤ ደንብ ደንብ ነው፤
የምጨምረውን ማንም አያየው።
ከመጨረሻው ዛፍ ጀርባ፣ ጨለማው ላይ፣
ስምንት በስምንት፣ አንዲት ቢጫ መስኮት ነቀስኩ።
መኪናዋ ቆመች። ከፍ አለች።
ሰውዬው ወረደ። ኮቱን አላወለቀም፤
እንዴት እንደሚወልቅ አልጻፍኩም።
ግን ገባ።

በእኔ ማሽን ላይ
ቤቱ ደርሷል።